በወረፋ ላይ የተያዘ የአያት ስም፦ ከአምባሰል የተቆረጠ አንድ የዘር ሐረግ እንዴት ተገኘ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ወሎ ውስጥ ዘሩን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከስም ነው። መታወቂያ ላይ ያለውን የአባትና የአያት ስም ይዞ አገር ለአገር እየዞረ «እገሌ የሚባል ታውቃላችሁ?» ይላል። ከዚህ በታች የምተርከው ቤተሰብም እንዲሁ አድርጎ ዓመታት ባክኗል። ፍለጋው ስሙን ትቶ ቦታውን፣ እናትየዋንና የጋብቻ ክልክሉን ሲከተል ግን ዘመድ ተገኘ። ደሴ ከተማ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ወደኔ ይመጣሉ፤ ይህኛው ለሌሎች ፈላጊዎች መንገድ ስለሚያሳይ ባለጉዳዮቹን አስፈቅጄ ጻፍኩት። የሰዎቹን ስምና ቀበሌ አልጠቅስም።

ዳራ

ባለጉዳዮቹ እህትና ወንድም ናቸው። እህት አዲስ አበባ ትኖራለች፣ ወንድም ውጭ አገር ነው። ሁለቱም ተወልደው ያደጉት መተከል፣ ፓዊ ነው። አባታቸው ወደዚያ የሄዱት በ1977ቱ ድርቅ፣ በሰፈራው ጊዜ፣ ገና የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው ነው። በዚያ ሰፈራ በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከቦታው ተነስቷል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የወሎ ሰው ነበር።

አባትየው በሰፈራ መዝገቡ ላይ የሰፈሩት አብረዋቸው የመጡ የአንድ ሰው ልጅ ተብለው ነው። እኒያ ሰው የላስታ ተወላጅ፣ ክርስቲያን ነበሩ። ልጁን አስጠምቀው፣ አስተምረው፣ ድረው፣ ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል። የሁለቱ ባለጉዳዮች የአያት ስምም የእሳቸው ስም ነው።

ወንድም ውጭ አገር ሲሄድ ቅጹ የቤተሰብ ስም ጠየቀው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡም መዝገብ ቤቱም በአባትና በአያት ስም ቀጠሉ። እሱም እንደ ሁሉም ሰው የአያቱን ስም ሞላ። ልጆቹ ሲወለዱ ያው ስም ተላለፈላቸው፤ እነሱም ለልጆቻቸው ያስተላልፉታል። እንዲህ ሆኖ የአንድ የላስታ ገበሬ ስም በሌላ አህጉር የቤተሰብ መጠሪያ ሆነ።

አባትየው ከማረፋቸው በፊት፣ ታመው በተኙበት ወራት፣ ለልጃቸው ጥቂት ነገር ነግረዋታል። እሷም በደብተር ጽፋዋለች። ያ ገጽ ባይኖር ኖሮ ይህ ጥናት አይኖርም ነበር። የተጻፈው ይህ ነው፦ በመስከረም ነጭ የለበሰ ሰው በደጃችን እየተግተለተለ ያልፋል፤ እናቴ እንስራ ውሃ በራፍ ላይ አስቀምጣ በቅል ታጠጣቸዋለች፣ ንፍሮም ትዘግናለች። ጠዋት ጉሙ ከታች፣ ከቆላው ሲነሳ እናየዋለን። ማታ ቤታችን ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ሲኖር ድቤ (ከበሮ) እየሰማሁ እተኛለሁ። ከዚህ ሌላ የእናታቸው ስም፣ ሴት አያታቸው የሚጠሯቸው የቁልምጫ ስም፣ ክንዳቸው ላይ ያለው የጀበና ቃጠሎ ጠባሳ እንዴት እንደመጣ ተጽፏል።

ችግሩ

ቤተሰቡ ይህን ማስታወሻ እንደ ልጅነት ትዝታ ብቻ አይቶት ቆየ። እንደ ማስረጃ የያዘው መታወቂያውን ነበር። ስለዚህ ፍለጋው ላስታ ተጀመረ። እህት ዘመድ አስከትላ አድባራት ዞረች፣ ካህናት ጠየቀች፣ በመጨረሻም በስሙ የሚታወቀውን ሰው ቤተሰብ አገኘች። የእነሱ መልስ አጭር ነበር፦ «ሰውየው የኛ ነው። ሚስቱም ልጆቹም በድርቁ አልቀዋል፤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። ወንድ ልጅ አልነበረውም።»

እህት ይህን የሰማችው እንደ ክህደት ነው። መሬት ፈርተው ደበቁን ብላ እያዘነች ተመለሰች። ፍለጋው እዚያ ላይ ቆመ።

ወንድም በበኩሉ ባለበት አገር የዘረመል ምርመራ አደረገ። ውጤቱ ምሥራቅ አፍሪካ የሚል ሰፊ ግምትና የሩቅ ዝምድና ያላቸው የጥቂት ሰዎች ዝርዝር ነበር። እንዲህ ያለ ምርመራ ዘመድ የሚያገናኘው ያ ዘመድ ራሱ ተመርምሮ በዚያው ቋት ውስጥ ሲገኝ ነው። የወሎ ገበሬ እዚያ ቋት ውስጥ የለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

እኔ ዘንድ ሲመጡ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያ ነገር የላስታዎቹን መልስ ቃል በቃል እንዲነግሩኝ ነው። ሰዎቹ ዘመዳቸውን አልካዱም፤ የካዱት ወንድ ልጁን ነው። የሞቱትን ልጆች ብዛትና ጾታ ለይተው ተናግረዋል። የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይዘረዝርም። መልሳቸው እውነት ከሆነ ደግሞ አባትየው የሰውየው የአብራክ ልጅ አይደሉም ማለት ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ ሰው ካለ ፓዊ ነው። እዚያ ሰፋሪው በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች ስለሰፈረ አሮጌ ጎረቤት ማግኘት ከከተማ ይልቅ ይቀላል። እህት ተመልሳ አባቷ ያደጉበት መንደር ያሉትን አሮጊቶች ስትጠይቅ፣ አንዲት እናት «እኔ ልናገረው የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ አባትሽ ሳይነግራችሁ እኔ ምን ቤት ነኝ» ብለው ጀመሩላት። ለመጓጓዝ ተሰብስበው ሳለ ልጁ ከእናቱ ጋር እንደነበረ፣ እናቱ እዚያው እንዳረፈች፣ ስም ሲጠራ ልጁ ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ የላስታው ሰው እጁን ይዞ «የኔ ነው» እንዳለ ነገሯት። እናትየዋ «የአምባሰል ሰው» እንደነበረችም ጨመሩ።

ከዚህ በኋላ ማስታወሻው ሌላ ዋጋ አገኘ። በመስከረም ነጭ ለብሶ የሚያልፈው ሰው የግሸን ማርያም ተሳላሚ ነው፤ ግሸን አምባሰል ውስጥ ናት፣ ንግሷም መስከረም 21 ነው። ወዳጃ የሚደረግበት፣ ድቤ የሚመታበት ቤት የሙስሊም ቤት ነው። የሙስሊም እናት ለግሸን ተሳላሚ ውሃ ማቅረቧ ወሎን ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉሙ ከታች ከቆላ ከተነሳ ደግሞ ቤቱ ወደ ቆላ በሚያይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የሚያሟላ ቦታ ሆነ፦ አውቶቡስ ሳይበዛ ሰው በእግሩ ወደ ግሸን ይሄድበት የነበረ መንገድ ዳር፣ ሙስሊም የሚኖርበት፣ ወደ ቆላ የሚያይ። መንገዶቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን በመጠየቅ ሰፊው አምባሰል ወደ ጥቂት ጎጦች ጠበበ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደርግ ጊዜ አምባሰል የአውራጃ ስም ነበር፤ የአውራጃው ክልል ከዛሬው ወረዳ ይሰፋል። በ1977 «አምባሰል» ያለ ሰው ዛሬ በሌላ ወረዳ ስም የሚጠራ ቦታም ማለቱ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን በዛሬው ካርታ አልወሰንነውም።

ጎጦቹ ዘንድ የሄድነው በቅሬ (የመንደር የቀብር ማኅበር) ዳኞች በኩል ነው። ቅሬ የሞተውን ሁሉ ስለሚቀብር ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ለማን ሐዘን እንደሚቀመጥ ያውቃል። ወረዳው ጽሕፈት ቤት የረዳን ነገር የለም። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ለ1977 የሚሆን ወረቀት መጀመሪያውኑ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስብሰባ በዝምታ አለቀ። ሰው ቡና ጠጣ፣ መረቀ፣ ምንም አልተናገረም። በኋላ አንድ ሽማግሌ ለብቻ ጠርተው «መሬት ፈልገው ነው?» አሉኝ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በርስት አገር ዘር መቁጠር ማለት መሬት መጠየቅ ማለት ነበር። እገሌ አቅኚ፣ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እኔን ወለደ ብሎ የቆጠረ ድርሻ ይገባዋል። ርስት ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን ዛሬም በመሬት ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ አለ። ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ እህት በሽማግሌ ፊት ተነስታ መሬት እንደማትጠይቅ፣ ወደፊትም እንደማትጠይቅ ተናገረች፤ ንግግሯም በጽሑፍ ሆኖ በሽማግሌዎቹ እጅ ተቀመጠ። ያን ቀን ሰው አፉን ፈታ።

ሦስት ቤተሰቦች ልጁ የኛ ነው አሉ። ሦስቱም አልዋሹም። በድርቁ ልጅ ያልጠፋበት ቤት ስለሌለ የመጣውን ሁሉ የኔ ይሆን ብሎ ማየት የተጎዳ ልብ ሥራ ነው። ለመለየት እንዲያመቸን ከማስታወሻው ሦስት ነገር ለማንም ሳንነግር አስቀርተን ነበር፦ የቁልምጫ ስሙን፣ የጠባሳውን ታሪክና የእናትየዋን ስም። አንደኛው ቤተሰብ የጠፋበት ልጅ በ1966ቱ ረኃብ እንጂ በ1977ቱ አለመሆኑ የዘመን ምልክቶቹ ሲጠየቁ ታወቀ። ሁለተኛው ቤት ስለ ጠባሳ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ቤት ያሉት የአባትየው አክስት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ምንም ሳንነግራቸው ስለ ጠፋው ልጅ እንዲያወሩ ስንጠይቅ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራ ክንዳቸው ላይ ከክርን በታች አድርገው «እዚህ ላይ ጀበና ገልብጦበት ነበር፤ ሦስተኛው በረካ ሊቀዳ ሲል» አሉ። የቁልምጫውን ስምም ሳይጠየቁ ጠሩት። እህት ማስታወሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ ማንበብ አቃታት። አክስትየው እጇን ይዘው «አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ» እያሉ አቀፏት።

የእናትየዋ ስም ግን አልገጠመም። ማስታወሻው ላይ ያለውን ስም አክስትየው ሲሰሙ ወዲያው አወቁት፣ በእናትየዋ የትውልድ ቀበሌ ያሉ ወንድሞቿ ግን በዚያ ስም እህት አልነበረችንም አሉ። ምክንያቱ የቆየው ልማድ ነው፤ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፣ በባሏ አገር የምትታወቀውም በእሱ ነው። ልጁ የሰማው እናቱ በምራትነቷ የምትጠራበትን ስም ነው። ወንድሞቿ የሚያውቁት አባቷ ያወጣላትን ነው። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ያረጋገጡልን ሠርጓ ላይ የነበሩ አንዲት ባልቴት ናቸው። በሴት በኩል የሚፈልግ ሰው ይህን ካልጠየቀ ግማሽ ዘሩን ያጣል።

ወደ ላይ መቁጠር

ዘመድ ከተገኘ በኋላ ወደ ላይ መቁጠር ጀመርን። ሽማግሌዎች ዓመት አይናገሩም፣ ዘመን ይናገራሉ። የአባትየው አያት ገና በእቅፍ ሳሉ አባታቸው ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ዘምተው ሰገሌ ላይ ቀሩ ተባልን። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 1909 ስለሆነ የአያትየው ልደት 1908 አካባቢ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ችንካር ለእያንዳንዱ ትውልድ ፈለግን፦ ቦሩ ሜዳ፣ ክፉ ቀን፣ ዓድዋ፣ ሰገሌ፣ የኅዳር በሽታ፣ ማይጨው።

ከአባትየው ወደ ላይ አራተኛው አባት ላይ ስንደርስ ችግር ገጠመን። በወንዙ ማዶ ያለ አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ «እኛም የእነሱው ነን» ይላል፤ ሲቆጥር ግን በዚያ ትውልድ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው የክርስትና ስም ያለው ሌላ ሰው ነው። ሙስሊሞቹ ደግሞ በሙስሊም ስም ይጠሩታል። ሁለት ወንድማማቾች ይሆኑ ወይስ አንድ ሰው?

ዘመኑ ፍንጭ ሰጠ። ያ ትውልድ ጎልማሳ የነበረው በ1870ዎቹ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዟል፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ተጠመቀ፤ አንዳንዱ በዚያው ጸና፣ አንዳንዱ ሲያመቸው ወደ ቀደመው ተመለሰ፣ በአንድ ቤት አንዱ ልጅ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሆነ። ይህ ግን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ ስለዚህ ሰው አያረጋግጥም።

ያረጋገጠው ጋብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች ለየብቻ ሲጠየቁ፣ በወላጆቻቸው ጊዜ ከማዶዎቹ አንዷ ሰልማ ለዚህ ወገን ልጅ ልትዳር ታስባ ሽማግሌ «ቤት አልሞላም» ብሎ እንደከለከለ ተናገሩ። ሰባት ቤት ያልሞላ አይጋባም፤ ክልክሉን ያወጁት ሽማግሌዎች ደግሞ ቆጥረው ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ሁለቱም ወገኖች በርስት ጊዜ ከአንድ አቅኚ የወረዱ ነን ብለው አንድ ማሳ ላይ ድርሻ ያርሱ እንደነበር ማዶና ወዲህ መመስከራቸው ነው። በሁለቱ ላይ ተመሥርተን ሰውየውን አንድ ሰው፣ ሁለት ስም ብለን መዘገብን። ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጻፍን፤ አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት አላልንም።

ከሰባተኛው ትውልድ በላይ ያለው ቆጠራ ግን ወዲያው ታላላቅ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። አንደኛው ወገን ከአንድ ስመ ጥር ሸህ፣ ሌላው ከየጁ መሳፍንት እወርዳለሁ ይላል። ይህን በተለየ ገጽ፣ «ቤተሰቡ እንደሚለው» ብለን አስፍረነዋል። ከዘመን ጋር ስናስተያየው በመካከል የጎደሉ ትውልዶች ስላሉ ከላይኛው ዝርዝር ጋር አልቀላቀልነውም።

ያልተሳካውና በእንጥልጥል ያለው

ወንድም አክስትየው ወይም አንድ የአጎት ልጅ የዘረመል ምርመራ እንዲያደርጉ ፈልጎ ነበር። ጥያቄው በአክብሮት ቢቀርብም አልተቀበሉትም፤ የአጎት ልጅየው «እኛ አውቀነዋል፤ ካላወቀን እሱ ይመርመር» አለ። የአጎት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ የዘረመል ክፍል ስለሚጋሩ ምርመራው ቢደረግ ኖሮ ጥያቄውን ይዘጋው ነበር። አሁን ዝምድናው የቆመው በምስክርነት ነው፤ መዝገቡ ላይም እንዲሁ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ምስክርነቱን ጠንካራ ነው እላለሁ፤ ከተሸሸጉት ሦስት ነገሮች ሁለቱ ሳይጠየቁ ወጥተዋልና።

የእናትየዋ መቃብር አልተገኘም። የላስታው ሰው ወገኖች ዘንድ ግን እህት ተመልሳ ሄዳለች፤ ይቅርታ ጠይቃ፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ሰጥታ፣ የሰውየውን ተዝካር አብራ አውጥታለች።

ስሙን በተመለከተ ወንድም በፍርድ ቤት ለማስለወጥ አስቦ ነበር። ከእህቱ ጋር ተማክረው ተዉት። የትምህርት ማስረጃና ፓስፖርት ከመዘበራረቁም በላይ፣ ስሙ ወላጅ አልባ ልጅ በወረፋ ላይ ላነሳ ሰው የሚገባ ነው አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የሥጋ አያታቸው ስም በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ከነታሪኩ አለ።

ሁለቱ ወገኖች በተገናኙ ዕለት ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን በበራፉ ዳር አንድ ሸህ ባረኩት፣ ሌላውን ከማዶ የመጡ ቄስ። እንግዳው ሁሉ ወደየሌማቱ ተቀመጠ፣ ቡናው ግን አንድ ነበር።

ለሌሎች ፈላጊዎች

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ዋና ነገር፣ መዝገብ ላይ ያለን ስም የመጨረሻ ቃል አድርጎ አለመያዝ ነው። በወሎ አንድ ሰው በዕድሜው የወላጅ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የምራት ስም ወይም የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል፤ በድርቅና በሰፈራ ያለፈ ቤተሰብ ደግሞ የአሳዳጊ ስም ይጨመርበታል። ቦታ፣ ጋብቻና ቀብር ግን ቶሎ አይቀየሩም። የቅሬ ዳኛ፣ ደም የሚያደርቅ አባጋር፣ ጋብቻ የሚቆጥር ሽማግሌ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት የበለጠ ያውቃሉ።

«አናውቅም» ወይም «አልነበረውም» የሚል መልስ ሲመጣ ቃሉን እንዳለ መጻፍ ያስፈልጋል። እዚህ ጉዳይ ላይ በሩን የከፈተው ያ የተናቀ መልስ ነው።

ከመጠየቅ በፊት የመሬቱን ፍርሃት ማንሳት፣ የመጣንበትን በግልጽ መናገር ይገባል። ይህ ሳይደረግ የሚሰበሰብ ሐረግ ወይ ይደበቃል ወይ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ይናገር እንጂ ፈላጊው አይንገረው፤ የሚለዩ ምልክቶች ተሸሽገው ይቆዩ።

ሽማግሌ ሲናገር በስልክ ይቀዳ፤ ሲፈቅድ ብቻ። በቅጂው መጀመሪያ ላይ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ነገሩን ራሱ አይቶ ወይስ ሰምቶ እንደሆነ ይነገር። አንድ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ ይሰጥ። የእኛ አክስት ከዚያ ስብሰባ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ድምፃቸው አሁን በሦስት ቤት አለ።